ዓባይን ያልተሻገሩት ባለ ጥምጥሞች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የምርምር ጣቢያው ጋቢ አለበሰኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ወፍራም፣ የእጅ ፈትል፣ ለመካነ ሰላም ብርድ የሚበቃ። ንግግር ያደረጉት ከላይ የመጡ ኃላፊ ነበሩ። «ወይዘሮ ዘነበች በናሙና ሰብሳቢነት ለረጅም ዘመን አገልግለዋል» አሉና ተጨበጨበልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ናሙና ሰብሳቢ! ጭራሮ ለቅሜ የኖርኩ አስመሰሉኝ እኮ። የሠራሁትን ሥራ ራሴ ካልተናገርኩት ማንም አይናገርልኝም ብዬ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ከመካነ ሰላም በላይ፣ በደንቆሮ ጫካ አናት ላይ፣ ጅብራ የሚባለው የውርጭ ተክል በበቀለበት ሜዳ መሃል ለመዝለል እንኳ የማያስቸግር ቀጭን ጅረት ይወርዳል። እዚያ ውሃ ውስጥ የምትኖር ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ ነፍሳት አለች። ከዓባይ ማዶ፣ በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ደግሞ እሷን የምትመስል ሌላ አለች። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ካመጡት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የሰፈር ሰው «ትል ለቃሚዋ» ይለኛል። ይበለኝ፤ የለቀምኩት ትል ምን እንደሆነ ሲያውቅ ይተወዋል።

ሥራ የጀመርኩት ደጎሎ ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ ለምርመራ እልክ ነበር። የመጀመሪያ አለቃዬ ከመሣሪያ ይልቅ አፍንጫቸውን የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ጠርሙሱ ሳይሸተት ውሃ አይቀዳም፤ ውሃው ሳይሸተት ጠርሙሱ አይከደንም። «አፍንጫሽን አስቀድሚ!» እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። ከሳቸው የወረስኩት ይህን ነው፤ ማንኛውንም ዕቃ ከመሙላቴ በፊት አፍንጫዬን አፉ ላይ መድፋት። ልማዱ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጉድ ሠርቶኛል፤ ስደርስበት አወራዋለሁ።

ከደጎሎ ወደ ከላላ ተዛወርኩ። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ብዙ ስለነበር የምሠራው በበቅሎ ነው። በቅሎዋ በደረጃ የምትበልጠኝ ይመስለኝ ነበር፤ የሷ ገብስ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ የኔ አበል ይዘገያል። ጋሽ ይመርን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

አንድ ምንጭ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ስቀዳ ጠርሙሱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ገባብኝና ደፋሁት። ከኋላዬ «ምን ደፋሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ቁመተ ረጅም፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የጠቀለሉ ሰውዬ ቆመዋል።

«ቆሻሻ» አልኳቸው።

«እስቲ ያንን ቆሻሻ መልሰሽ ቅጂልኝ።»

ከአንገታቸው ላይ በክር የታሰረች አጉሊ መነጽር አውልቀው ሰጡኝ። አየሁ። ሦስት ጭራ አለው። በጎኑና በጎኑ ቅጠል የመሳሰሉ መተንፈሻዎች ተደርድረው ይርገበገባሉ። ትልልቅ ዓይኖቹ የሚያዩኝ መሰለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስደፋው የኖርኩት ይህንን ነው። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ጋሽ ይመር የውሃ ነፍሳት ተመራማሪ ነበሩ፤ መካነ ሰላም ላይ የምርምር ጣቢያ ሊከፍቱ እየሄዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በደብዳቤ ጠይቀው አስዛወሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ከመካነ ሰላም አልወጣሁም።

ስለ ነፍሳቱ ትንሽ ልበል። ፈረንጆቹ ሜይፍላይ ይሉታል። በአማርኛ የጸና ስም አላገኘሁለትም፤ እኛ ጣቢያ ውስጥ «የአንድ ቀን» እንለው ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል በእጭነት ውሃ ውስጥ፣ ከድንጋይ ሥር ያሳልፋል። ሲደርስ ከጀርባው ያለው የክንፍ ከረጢት ይጠቁራል። ከዚያ ወደ ላይ ይዋኝና ቆዳውን ገፎ በክንፍ ይወጣል። ይህ የመጀመሪያው ክንፍ ደብዛዛ ነው፤ ቅጠል ላይ ወይም ሣር ላይ አርፎ ሌላ ቆዳ ይገፋል፤ ያኔ ነው ክንፉ የሚጠራው። ክንፍ ካወጣ በኋላ ዳግመኛ ቆዳ የሚገፍ ሌላ ነፍሳት የለም። አፉ አይበላም፤ መብላት የሚያስፈልገው ጊዜም የለው። ይጋባሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ ያልቃሉ።

ጋሽ ይመር አጅባር ተወልደው ያደጉ ደገኛ ናቸው። ወንዝ ስንደርስ መጀመሪያ ወደ ውሃው አያዩም። ቀና ብለው ገደሉን፣ የድንጋዩን ንብርብር፣ ተራራው የሚያዘነብልበትን አቅጣጫ ያያሉ። ቁጭ ይላሉ። እኔ መረቡን ይዤ ስቁነጠነጥ «ቤቱን ሳታይ ባለቤቱን ትጠይቂያለሽ?» ይሉኛል። ሁለተኛው ልማዳቸው ድንጋይ ነው። ከወንዝ ውስጥ ያነሱትን ድንጋይ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመልሳሉ፤ መመለስ ብቻ አይደለም፣ በነበረበት ፊቱ፣ ከላይ የነበረው ከላይ፣ ከታች የነበረው ከታች ሆኖ። አንድ ጊዜ ገልብጬ አስቀምጬ ሳልፍ ጠሩኝ። «ዘነቡ፣ ሰው ቤትሽ ገብቶ ጣራሽን ወለል አድርጎት ቢወጣ ምን ትይዋለሽ?» አሉ። ተመልሼ ገለበጥኩት። ሦስተኛው ልማዳቸው አነጋገራቸው ነው። የፈለጉትን ነፍሳት ሲያዩ «አገኘሁ» አይሉም፤ «ታየን» ነው የሚሉት።

ከደንቆሮ አናት ተነስተን አንዱን ውሃ ተከትለን እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ እንወርድ ነበር። በዚያ ቁልቁለት ያየሁትን ማንም ቢያይ ይገረማል። ከላይ ውሃው በሚምዘገዘግበት ቦታ ያሉት እጮች ጠፍጠፍ ብለው ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ ወይም ውርጭ የለመዱ ፈጣን ዋናተኞች ናቸው። ወረድ ስንል እነሱ ይቀሩና ሌሎች ይተካሉ። ቆላው ላይ፣ ወንዙ ሰፍቶ ዝግ በሚልበት፣ ደለል ቆፍረው የሚቀበሩ አሉ። የላዩ ከታች የለም፤ የታቹ ከላይ የለም። እኔ ይህን እንደ ተራ ነገር እመዘግብ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ቆሎ ስንበላ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ጮቄ ከዓባይ ማዶ እንደ ጥላ ይታየናል።

«ተራራ ከጥንት ጀምሮ ቆሞ የኖረ ይመስልሻል?» አሉኝ ጋሽ ይመር። ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አነጠፉ። «ይህ አገር ድሮ ዝቅ ያለ ነበር በይው። ከሥር እሳተ ገሞራ እየገነፈለ ጥቁር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባበረ። መሬቱም ከሥር እየተገፋ ተነሳ።» ጉልበታቸውን ቀስ እያሉ ከጋቢው ሥር ወደ ላይ አነሱ። «ከፍ ሲል ቀዘቀዘ። ዝናብ በዛለት። ውሃው ቁልቁል ሮጠ። የሮጠ ውሃ ደግሞ ይቆርጣል፤ ዓባይ መሃሉን እየበላ ወረደ።» ጉልበቶቻቸውን ሲያራርቁ ጋቢው መሃል ላይ ሰመጠና ገደል ሠራ። ከእጃቸው ቆሎ ወስደው በቀኝ ጉልበታቸውም በግራውም ላይ ፍሬ ፍሬ አስቀመጡ።

«እነዚህ ብርድ የለመዱ ናቸው። በድሮው የውርጭ ዘመን ምናልባት ወደ ታች ወርደው ይገናኙ ይሆናል፤ ይህን በእርግጠኝነት አላውቅም። አሁን ግን ቢወርዱ ቆላው ይፈጃቸዋል። የቀኝ ጉልበትና የግራ ጉልበት ጋብቻ ተቋረጠ። ዘመን በዘመን ላይ ሲጨመር ምን ይሆናሉ?»

«ባዳ» አልኩ።

«ባዳ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። የቀኝ ጉልበታቸውን ቆሎ ለኔ ሰጡኝና የግራውን ራሳቸው በሉት።

የጋሽ ይመር የሥራ ዘመን ትልቁ ሐሳብ ይህ ነበር፤ የደንቆሮዋና የጮቄዋ ነፍሳት ባዳ ናቸው የሚለው። የሚቀበላቸው ግን አጡ። አንድ ስብሰባ ላይ ከሩቅ የመጡ ምሁር ተነስተው «ክንፍ ያለውን ነገር ገደል ያግደዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁና አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ይመር «ክንፉ ለአንድ ቀን ነው» ብለው መለሱ፤ ነገር ግን በቃል ብቻ አይሆንም። የሁለቱ ተራሮች እጮች ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የሚለየው ባደገ ወንድ ነው፤ ክንፉ በጠራ፣ ሁለተኛውን ቆዳ በገፈፈ ወንድ። የጮቄውን ወንድ ጋሽ ይመር ቀደም ሲል ይዘውታል፣ አልኮል ውስጥ ተቀምጧል። የደንቆሮው ግን ታይቶን አያውቅም። እዚያ ብርድ ላይ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቆ መያዝ ቀላል አይደለም፤ ሲወጡም ንፋሱ ይወስዳቸዋል። ጋሽ ይመር ጡረታ ሊወጡ አንድ የጥቅምት ወር ቀርቷቸው ነበር። በዚያ ወር ወንዱ ካልተያዘ ጥያቄው ሳይመለስ፣ ሳቁም ሳይመለስ ይሄዳሉ።

ያሰብነው የደረሱትን እጮች፣ የክንፍ ከረጢታቸው የጠቆረውን፣ በሕይወት ወደ መካነ ሰላም አውርደን ጣቢያችን ውስጥ እንዲወጡ ማድረግ ነበር። መጀመሪያ በጀሪካን ሞከርን። ፀሐይ ጀሪካኑን አሞቀችው፤ መንገድ ላይ አለቁ። ጋሽ ይመር አሰቡና «ሸክላ» አሉ። ሸክላ ስለሚያልበው ውሃ ያቀዘቅዛል፤ የበቅሎዋ እርምጃ ውሃውን እያናወጠ አየር ይሰጣቸዋል። ልክ ነበሩ። አሁንም ልክ ነበሩ እላለሁ።

የምናርፈው ጫካው ጫፍ ካለው መንደር፣ እትዬ ጥሩዬ ቤት ነው። ባላቸው የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ቤቱ ተማሪና እንግዳ አያጣውም።

«እትዬ ጥሩዬ፣ አንድ ንጹሕ እንስራ ያውሱን» አልኳቸው።

«ለምን ልትሆን?»

«ከወንዝ የሚመጡ የተከበሩ እንግዶች አሉን» ብዬ ቀለድኩ።

በማግስቱ እንስራውን አመጡልን። ጠቁሮ ያበራል። እኔም እንደ ልማዴ አፍንጫዬን አፉ ላይ ደፋሁ፤ የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ለኛ ለደገኞች የወይራ ጭስ ማለት ድግስ ነው፣ ንጽሕና ነው፣ ክብር ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን እንዲህ ይታጠናል፣ ወተት የሚያዝበት ዕቃ እንዲህ ይታጠናል። «ግሩም ነው!» አልኩ። ጋሽ ይመርም ቀርበው አሸተቱ። «እግዜር ይስጥልን፣ ለኛም እንዲህ ታጥኖልን አያውቅ» ብለው እትዬ ጥሩዬን አሳቁ። ሁለታችንም በዚያ ሽታ ያደግን ነን። የውጭ አገር ሰው አብሮን ቢኖር «ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን ሽታውን በማወቃችን ሳንጠይቅ ቀረን።

የተመረጡትን እጮች አንድ በአንድ በማንኪያ እያነሳሁ ከተትኩ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንን። በቅሎዋ እንኳ ያን ቀን ክብሩ የገባት ይመስል ቀስ ብላ ነው የወረደችው። ጣቢያው ደርሰን ጨርቁን ሳነሳው ውሃው ብርድ ብርድ ይላል፤ ሸክላው ሥራውን ሠርቷል። እጮቹ ግን ሁሉም እንስራው ወለል ላይ ተጠቅልለው ቀርተዋል። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

ጋሽ ይመር ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ግራዋ» አሉ።

እኔም ቀመስኩት፤ ይመራል። እትዬ ጥሩዬ ለእንግዳ የሚሆን ዕቃ እንደሚደረገው እንስራውን በግራዋ ቅጠል ፈትገው፣ አጥበው፣ ከዚያ በወይራ አጥነውታል። ሸክላው ግራዋውን ጠጥቶ ከጭሱ ጋር መልሶ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ያ ግራዋ ደግሞ በልጅነታችን እናቶቻችን የሆድ ትል እንዲገድልልን አፍንጫችንን ይዘው ያጠጡን ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። አገር ያውቀዋል።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ስመለስ ጋሽ ይመር ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው የሞቱትን እጮች አንድ በአንድ አልኮል ውስጥ ያስገባሉ፤ ምንም እንዳልተበላሸ ሁሉ እጃቸው አይቸኩልም። «እጭም ይጠቅማል» አሉኝ። ከዚያ እንስራውን ደጋግመው አጥበው ጥላ ውስጥ ደፉት። «ለጥሩዬ እንዳትነግሪያቸው። ያከበሩንን ሴት አናሳዝን።»

እንስራውን ለእትዬ ጥሩዬ መልሰን ወደ ጅረቱ ብንወጣም የደረሱት ወጥተው አልቀዋል፤ ውርጩም ገባ። ሰኔ ሲመጣ ጋሽ ይመር ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው ቀን አጉሊ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። «ሲታየን ንገሪኝ» አሉ። ሲታይሽ አላሉም። ከዚያ ከነሻንጣቸው ወደ አጅባር ሄዱ።

በሳቸው ቦታ ዶክተር ሐና መጣች። ወጣት ነች፤ ነጭ ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው። ደግ ሰው ሆኜ አልተቀበልኳትም፤ ጫማውን አይቼ ደንቆሮ አናት ላይ ስትንሸራተት ታየችኝና በሆዴ ሳቅሁ። ነገር ግን ልጅቷ የጋሽ ይመርን ጽሑፍ ሁሉ አንብባ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ መጥታ «እትዬ ዘነበች፣ እጮቹን ወደኛ ከማምጣት እኛ ወደነሱ ብንሄድ እና ከነሱ ጋር ብንከርም ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። ጋሽ ይመር ራሳቸው የተናገሩ መሰለኝ። ጫማዋን ይቅር አልኩ።

ጥቅምት ሲደርስ ድንኳን፣ ባትሪና ትንሽ ማይክሮስኮፕ ጭነን ወጣን። እትዬ ጥሩዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን።

«መርሐባ፣ መርሐባ! እንዴት ከረማችሁ? እኒያ ከወንዝ የሚመጡት እንግዶችሽ ዘንድሮም ይመጣሉ?» አሉኝ። «እንስራው ዓመት ሙሉ ተቀምጦላቸዋል። አሁንም ሁለቴ ነው ያጠንኩት።»

ሐና አየችኝ። መናገር ነበረብኝ፤ ያለዚያ ደግመን እንገድላቸዋለን። ቁጭ አደረግኋቸውና እንስራው ውስጥ የሆነውን፣ የጋሽ ይመርን ጡረታ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ወየው ጉዴ! እኔ ነኝ ለካ የፈጀኋቸው» አሉ። «እኒያ ሽማግሌም ዓይናቸው ተንከራቶ ቀረ በይኛ።» ድንገት ወደኔ ዞሩ። «ኸረ አንቺስ! እንደ ውሻ ስታሸትት የነበረችው አፍንጫሽ የት ሄዳ ነው?»

«ድግስ ሄዳ ነበር» አልኩ።

ሳቃቸው መጣ። ሳቅን፤ ሐናም ሳቀች። ከዚያ እትዬ ጥሩዬ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሱ። «አብሽሪ። አሁን ምንድን ነው የሚሻቸው?»

የሚሻቸው ጨርቅ ነበር። ከቀርከሃ የሠራነው ጎጆ እጮቹ ባሉበት ውሃ ላይ ይቆማል፤ ከላይ የሚሸፍነው ግን ያመጣነው የላስቲክ መረብ ነው። መረቡ ያዳልጣል። ክንፍ ያወጣው ነፍሳት ሁለተኛውን ቆዳ ለመግፈፍ እግሩን የሚተክልበት ሻካራ ነገር ካላገኘ ይወድቅና ይሞታል። እትዬ ጥሩዬ ከመደብ ላይ ነጠላ አነሱ።

«በምንድን ነው ያጠቡት?» ብዬ ጮኽኩ።

«በእንዶድ ነዋ፣ በምን ይታጠባል?»

እንዶድ! የወንዝ ዓሣ የሚጨርሰው እንዶድ። ሦስታችንም ተያየን። እትዬ ጥሩዬ ነጠላውን መልሰው ጣሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሳጥን ሲከፈት ተሰማን። ይዘው የወጡት ከሸማኔ እጅ ከወጣ ወዲህ ያልተዘረጋ አዲስ ነጠላ ነበር። ለጥምቀት ያስቀመጡት ነው።

«ይኸው፣ ውሃ አልነካውም። እንዶድም ሆነ ሳሙና አልነካውም። እንግዶቼን አንድ ጊዜ በድያለሁ» አሉ። እምቢ ብል ሰሙኝ ብላችሁ ነው? ነጠላውን ራሳቸው ተሸክመው ጅረቱ ድረስ መጡ፤ ጎጆው ላይ ራሳቸው አለበሱት።

ጠበቅን። ደመና ሲሆን ምንም አይወጣም፤ ንፋስ ሲሆን ምንም አይወጣም። ሐና በነጭ ጫማዋ ሳይሆን በኔ ቦቲ ነበር የምትውለው፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀላ። እኔ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከጓሳው ሣር ውስጥ ቁጭ ብለው ያዩናል፤ እነሱም ሥራ የፈታን እንደመሰልናቸው አልጠራጠርም። ከዚያ አንድ ከሰዓት ንፋሱ ቆመ፤ ፀሐይ ውሃው ላይ አረፈች። ሐና ክንዴን ጨበጠችው። ከውሃው ላይ አንድ ነገር ፈንጠር አለና ነጠላው ላይ ተለጠፈ። ሌላ ተከተለ። ሌላም። ክንፋቸው ደብዛዛ ነው፣ የቀጠነ ወተት ይመስላል። በነጠላው ድር ላይ እግራቸውን ተክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። ትንፋሼን ይዤ ነው የቆጠርኳቸው፤ ስንት እንደነበሩ ዛሬ አላስታውስም፤ ደስታዬ ቁጥሩን በላው።

ነጠላውን ከነነፍሳቱ በቀስታ አውርደን ቅርጫት ውስጥ አንጠልጥለን አሳደርነው። በነጋታው ፀሐይ ስትሞቅ ከፈትን። ነጠላው ላይ ባዶ ቆዳዎች ቀርተዋል፣ አጠገባቸው ደግሞ ክንፋቸው እንደ መስታወት የጠራ ነፍሳት ቆመዋል። እትዬ ጥሩዬ ሊያዩ መጥተው ነበር። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸው። የወንዱ ዓይን ተራ ዓይን አይደለም፤ ከራሱ በላይ ክብ ሆኖ ይቆለላል፤ ሴቲቱ በላዩ ስታልፍ የሚያያት በሱ ነው።

«ያረብ!» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ይሄስ ጥምጥም ጠምጥሟል! ቁርጥ መሪጌታን!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ባለ ጥምጥሞቹ ሆነ።

ጣቢያው ስንመለስ ሐና የጮቄውንና የደንቆሮውን ወንድ ጎን ለጎን ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገች። ወንዱ ሴቲቱን የሚይዝባቸው ከጭራው ሥር ያሉ ሁለት መቆንጠጫዎች አሉት፤ ልዩነት ካለ እዚያ ነው የሚታየው። ብዙ ጊዜ አየች።  ከዚያ ወንበሩን ለቃ ተነሳች። «እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ ይመልከቱ። ብቻዬን አይቼ አላምንም» አለች።

አየሁ። የጮቄው መቆንጠጫ ቀጭንና ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። የደንቆሮው ሥሩ ወፍራም ነው፣ ከውስጥ በኩል ጉብታ አለው፣ ጫፉም አይታጠፍም። ሌላውን ወንድ አየሁ፤ እንደዚያው። ሁሉንም አየሁ። ዓይኔን አንስቼ «ባዳ ናቸው» አልኩ። ሐና አቀፈችኝ። ገደሉ አግዷቸው ኖሯል። መሬቱ ከሥር ተገፍቶ ሲነሳ፣ ዓባይ መሃሉን ሲቆርጠው የተጀመረ ነገር እዚህ ጠረጴዛችን ላይ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ በሚያንስ አካል ላይ ተጽፎ አየሁት። እኔ የደጎሎዋ ውሃ ቀጂ አየሁት። ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

«ሌላው ሰው ሳይሰማ ለጋሽ ይመር ይውሰዱላቸው» አለችኝ ሐና። ከእያንዳንዱ ተራራ አንድ አንድ ወንድ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችኝ፤ የመቆንጠጫዎቹንም ፎቶ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በአውቶቡስ ደሴ፣ ከደሴ አጅባር። ብልቃጦቹን በደረቴ ነው የያዝኳቸው፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «የልጅ መድኃኒት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት።

ጋሽ ይመር ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ብዙ አይራመዱም፤ ያ ጋቢ ጭናቸው ላይ ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ዓይናቸው ደረቴ ላይ ወዳለው እጄ ሄደ።  ዝቅ ብዬ የጮቄውን ብልቃጥ በቀኝ ጉልበታቸው ላይ፣ የደንቆሮውን በግራው ላይ አስቀመጥኩ። አጉሊ መነጽሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው።

ጎንበስ ብለው የቀኙን አዩ። ከዚያ የግራውን። ፎቶውን አሳየኋቸው፤ ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት። ጉልበታቸው ግን አይንቀሳቀስም።

«ታየን» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ሞልቷል።

«ድንጋዮቹን መለስሽ?»

«በነበሩበት ፊት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።  ልጃቸው ከቤት ወጥታ «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል፣ ግቡ» ስትል ጋሽ ይመር ሁለቱን ጉልበቶቻቸውን እንዳራራቁ፣ ሁለቱን ብልቃጦች እንደያዙ፣ ሳይነቃነቁ መለሱላት።

«እዚሁ አምጪልን። ዛሬ መነሳት አልችልም፤ ዓባይ መሃል ነው።»